ማንም የማይጠይቃቸው ፊቶች

ስልኬ ሲጮህ የሰናይትን ስም አየሁና በስፒከር አነሳሁት። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ። «የት ነሽ?» አለችኝ።

«ድራይቭ እያደረግኩ ነው። ምነው?»

«እስቲ ጥግ ያዢና ፓርክ አድርጊ።»

አለቀ። ሀበሻ «ፓርክ አድርጊ» ካለ በኋላ የሚቀረው የሟቹን ስም መስማት ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናዬን አቆምኩና «እትዬ አሰገደች ናቸው?» አልኳት። ለቅሶዋ ተሰማኝ። መሪውን በቡጢ እየደበደብኩ አለቀስኩ። የጎማ ቤቱ ሠራተኛ ወጥቶ መስኮቴን አንኳኳና «ችግሩ ጎማሽ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ጎማዬ ነው» አልኩት። ምን ልበለው? ምስኪን፣ ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጎማ ከልቡ አየልኝና «ደህና ናቸው» ብሎኝ ገባ።

እትዬ አሰገደች ቢሆኑ «ጎማዬ ነው» አይሉም ነበር። እኝህ ሴትዮ መዋሸት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ይህን የምለው ላሞግሳቸው አይደለም፤ አብሯቸው ለሚሠራ ሰው መከራ ነበር። የአስታማሚነት ሥራ የሚሰጠን ኤጀንሲ ኮል አድርጎ «መንገድ ላይ ነሽ?» ሲል እኛ ከአልጋ ሳንወርድ «እየደረስኩ ነው» እንላለን። እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ጣቢያ ቆመው «ኖ። ትሬን ኖ ካም» ይላሉ፤ ባቡሩ አልመጣም ማለታቸው ነው። ሰው ቤት ተጋብዘው «ወጡ እንዴት ነው?» ከተባሉ መልሳቸው «ጨው በዝቶበታል፣ ግን እበላዋለሁ» ነው። አንድ ቀን አዲስ ቀሚስ ለብሼ «እንዴት ነው እትዬ?» ብላቸው ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ጨርቁ ጥሩ ነው» አሉኝ። በማግስቱ መለስኩት። «ውሸት አንዴ ቤት ከገባች መጀመሪያ ወንበር ስጡኝ፣ ቀጥላ አልጋ ስጡኝ ትላለች» ይሉ ነበር። መናገር የማይፈልጉት ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ «አትጠይቂኝ» ይላሉ። ያኔ ብትሰቅሏቸውም አይናገሩም።

ደሴ ሳሉ የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ዲቪ ደርሷቸው ሲመጡ ዕድሜያቸው ገፍቶ ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰናይት ቤት ከምድር በታች ያለውን ቤዝመንት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በጫማ ክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት። ነጠላቸው ተጣጥፎ ከቦርሳቸው አይለይም።

የተዋወቅነው አሌክሳንድሪያ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ቤት ነው። ሚስተር ሬይ እንለዋለን። አእምሮው እየከዳው ነበርና ብቻውን አይተውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ቀኑ የእትዬ አሰገደች፣ ማታ ማታና እሑድ የኔ ሺፍት፤ ቅዳሜ ልጁ ሊንዳ ትመጣለች። እኔ እንግዲህ ፈረንጅ አንቱ ማለት አይሆንልኝም። እትዬ ግን ሰውየው አንዲት ቃል አማርኛ ሳይሰማ «ይነሡ እንጂ፣ ፊትዎን ልጠብዎት» ይሉት ነበር፤ እሱም ይነሣል! እኔ በእንግሊዝኛ «ፕሊስ፣ ሚስተር ሬይ» እያልኩ ስለምን እንደ ግንድ ይገተርብኛል።

ሚስተር ሬይ ስንቱን ነገር ረስቶ አንዷን አልረሳም። ወጣት ሳለ አንድ በጋ ቤዝቦል ተጫውቷል። ወርዋሪ ነበር። ፎቶውም በካርድ ላይ ታትሞ እናቱ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ ቤቱ ሲሸጥ ጠፋ። ይህንን በቀን አሥሬ ይናገራል። ሊንዳ ደግሞ እሱ ፊት ሳይቀር «አትስሙት፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምንጣፍ ሻጭ ነበር» ትላለች። ይሄኔ አንገቱን ይደፋል። ካርዷን ባገኛትና ባሳያት ነበር ጭንቀቱ፤ ሳይሞት ልጁ እንድታምነው።

እና ጠዋት እትዬ አሰገደች በር ከፍተው ሲገቡ የመጀመሪያ ቃሉ «አገኘሽኝ?» ነው። ካርዴን አገኘሽው አይልም። «አገኘሽኝ?» ራሱ የጠፋ ይመስል።

«ሉክ። አይ ሉክ» ይሉታል እትዬ። እየፈለግኩ ነው ማለታቸው ነው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ እኔም አላውቅም ነበርና። ቤዝቦል ማለት ለኔ ሰዎች ቆመው ማስቲካ እያኘኩ የሚተፉበት ጨዋታ ነው። ድሮ የተጫዋቾቹን ፎቶ ትንንሽ ካርቶን ላይ እያተሙ ከማስቲካ ጋር ይሸጡ ነበር፤ ከፊት ፎቶና ስም፣ ከኋላ ስንት እንደ መታ ስንት እንደ ሳተ። ዛሬ የዝነኞቹ ካርድ ቤት ይገዛል አሉ። ያልታወቁት ደግሞ «ኮመን» ይባላሉ፤ በሣጥን ታጭቀው ጠረጴዛ ሥር ይጣላሉ። ጎንበስ ብሎ የሚያያቸው የለም።

እትዬ አሰገደች ጎንበስ አሉ።

መጀመሪያ እንዲተዉት ለማድረግ ሞክሬያለሁ። ስልኬን አውጥቼ የሚስተር ሬይን ሙሉ ስም ፈለግኩ። የትልልቆቹን ቡድኖች ተጫዋቾች ስም የሞቱትንም ያሉትንም የሚያወጣ ድረ ገጽ አለ፤ እሱ ግን የለም። «እትዬ፣ የለም። ሽማግሌው ዘባርቆ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ» አልኳቸው።

«ስልክሽ የማያውቀው ሰው የለም?»

«የለም። ሁሉ ነገር አለበት።»

«በይ እኔን ፈልጊኝ።»

ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፍኩ። አንዲት ሌላ አሰገደች ካሊፎርኒያ ምግብ ቤት አላት። እሳቸው የሉም። መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ትኩር ብለው አዩና «አየሽ፣ እኔም አልኖርኩም» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው የሚስተር ሬይን ሾርባ ማሞቅ ጀመሩ።

በወር አንድ ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ ውስጥ የካርድ ገበያ ይቆማል። አውቶቡስ አይደርስበትም። ሾፌሩ ማን ይሁን? ፍሬ ናታ፣ እኔው! መጀመሪያ የወሰድኳቸው ቀን እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ከኤጀንሲው ጋር ስለ ሺፍት ስጨቃጨቅ እሳቸው ብቻቸውን ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ በፌስታል የታጨቀ ካርድ ይዘዋል፤ ዓይናቸው ግን ቀልቷል።

«ምን ሆኑ? አገኙት?»

«እየፈለግኩ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

«አትጠይቂኝ» አሉ። አልጠየቅኩም። ካርድ ሻጮቹ አጉላልተዋቸው ይሆናል ብዬ ተናድጄ ነበር፤ እንዲያውም ተመልሼ ገብቼ ልሰዳደብ ቃጥቶኝ ነበር።

በሚቀጥለው ወር አብሬ ገባሁ። የሚያጉላላቸው የለም። ቦርጫም ፈረንጆች ቆብ አድርገው ከጠረጴዛ ጀርባ ተደርድረዋል፤ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በመሀላቸው ሲያልፉ ሁሉም «ሃይ ማማ» ይላሉ። ጄሪ የሚባል ሽማግሌ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጄሪ ምንም ሳይጠይቅ ከጠረጴዛው ሥር ሣጥኑን ጎትቶ አወጣና ታጣፊ ወንበር ዘረጋላቸው። አንድ ወጣት ሻጭ ደህና ደህናዎቹን፣ የዝነኞቹን፣ ሊያሳያቸው ሲሞክር «ኖ ፌመስ» ብለው በእጃቸው ገፉት።

ተቀምጠው አንድ በአንድ ነው የሚያዩአቸው። ችኮላ የለም። አንድ ካርድ መሬት ከወደቀባቸው እንደ ዳቦ አንሥተው ሳም ያደርጉታል፤ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ይሄ እናቱን ይመስላል» ይላሉ፣ እናቱን የት አይተዋት እንደሆነ እንጃ። «ይሄ ደግሞ ፎቶ ሲነሣ ርቦታል።» እኔ ጄሪ ፊት እፍረቱ ሊገድለኝ ነው። «እትዬ፣ ሰዉ እያየን ነው» ስላቸው «ይዩና! እነዚህን ያላዩ እኛን ይዩ» ይሉኛል።

«ግን ለምን ያልታወቁትን ብቻ?» አልኳቸው ስንመለስ። ፎቶ የሚፈልጉ ከሆነ አንዱን ዝነኛ ገዝተው ለሚስተር ሬይ ቢሰጡት ደስ አይለውም ወይ?

«ዝነኛውንማ ማን የማያውቀው አለ? ዝነኛ አወቅኩ ብትዪ ማን ያምንሻል? ሚስተር ሬይ ያልታወቀውን ካወቁት ግን አብረውት ተጫውተዋል ማለት ነው» አሉኝ።

ይህንን አሳባቸውን ሰኞ በሥራ ላይ አዋሉት። እኔ ከማታ ሺፍቴ ልወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ከፌስታሉ አንድ ካርድ አወጡ፤ ስሙን በአውራ ጣታቸው ከደኑትና ለሚስተር ሬይ ዓይኑ ሥር አደረጉለት። አንድ ጉንጩ በማስቲካ ያበጠ ጎረምሳ ነው። ሚስተር ሬይ አየው። ልወጣ በሩን ስከፍት «እኔ አይደለሁም» አለ። ቀጥሎ ስም ጠራ። የጎረምሳውን ስም ጠራ! «በግራ እጁ ነበር የሚወረውር። አብረን አንድ አውቶቡስ ላይ ነበርን። ከኔ ይሻል ነበር፤ ለዚህ ነው ትልልቆቹ ቡድኖች የወሰዱት» አለ።

እትዬ አውራ ጣታቸውን አነሡ። ስሙ ያው ነው።

እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ሽማግሌው እንዳይደነግጥ በነጠላቸው አፈኑት። «ሰማሽ? ፍሬ፣ ሰማሽ? ዘባረቀ ስትዪ አልነበር!» እኔም ተሸነፍኩ፣ ምን አደርጋለሁ። ለሊንዳ ደውዬ ነገርኳት። «ልጅ ሆኖ ካርድ ይሰበስብ ነበር መሰለኝ» ብላ ዘጋችው። ሰውዬው ልጁን የወለዳት እንጂ ያሳመናት አይደለም።

ከዚያ ወዲያ የየሰኞ ሥራቸው ይኸው ሆነ። አብዛኞቹን አያውቃቸውም፤ «እኔ አይደለሁም» ብቻ ይላል። አልፎ አልፎ አንዱን ያውቀዋል፤ ያኔ ፊቱ በራ ይልና ስለ ሰውየው አንድ ነገር ይናገራል። አንዱ እንቅልፍ ላይ ይዘፍናል፣ አንዱ ከአባቱ የተበደረ ጫማ ነው የሚያደርገው። ያወቃቸውን እትዬ ለብቻ ሣጥን ያስቀምጧቸዋል፤ ሊንዳ አንድ ቀን ቁጭ ብላ እንድትሰማ። ሊንዳ ቁጭ የምትል ሴት አይደለችም። ቅዳሜ ትመጣለች፣ ፍሪጁን ትሞላለች፣ ትሄዳለች።

አንድ ነገር ልናገር። እኔ እሑድ እሑድ «አገኘሽኝ?» ሲለኝ አንዳንዴ ሲሰለቸኝ «አዎ፣ ተገኘህ» እለው ነበር። እገላገለዋለሁ ብዬ። አልገላገለውም! «አምጪዋ» ይላል፤ ቀኑን ሙሉ አምጪ፣ የት አለ፣ አምጪ። ይነሣል፣ መሳቢያ ይከፍታል፣ ይረበሻል። እትዬ «አይ ሉክ» ሲሉት ግን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «ጉድ» ይልና ቁርሱን ይበላል። የሚፈልገው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ይበቃዋል። ይህንን ስነግራቸው «ምን ታደርጊዋለሽ፣ ውሸትሽ አልጋ ስጡኝ አለችሽ» አሉኝና ሳቁብኝ።

ሚስተር ሬይ የሞተው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በኔ ሺፍት ነው። ምንም ግርግር አልነበረውም። ሳምንቱን ሙሉ ውኃ እንኳ አልወርድለት ብሎ ነበር። ነርሷ መጣች፣ ሊንዳ መጣች፣ ሬሳውን የሚወስዱት መጡ። ወዲያው ከኤጀንሲው ቴክስት ገባ። ኬሱ ተዘግቷል፣ ከነገ ጀምሮ መምጣት አያስፈልግም፣ ስለ አገልግሎታችሁ እናመሰግናለን። ለሁለታችንም ነው የተላከው። የሰው ሞት እንደ ባንክ ኮድ በቴክስት!

ለሰናይት ደወልኩ። «እባክሽ የእትዬን ስልክ ደብቂ። ቴክስቱን ሰው እንዳያነብላቸው» አልኳት። «ማን ሞተ?» አለች ደንግጣ። ነገርኳት። «ለፈረንጅም መርዶ አለ እንዴ?» አለችኝ። ለእትዬ አሰገደች አለ አልኩ። መርዶውን በቴክስት አይሰሙትም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ባቡራቸውን ለመያዝ ከመውጣታቸው በፊት፣ የንስሐ አባታቸውን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ደረስኩ። አባ መኪና ውስጥ «የሟቹ የክርስትና ስም ማን ነው?» አሉኝ። «ሬይ ነው አባ፣ ሌላ አላውቅም» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉ። ሰናይት በሩን ከፈተችልን፤ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወደ ቤዝመንቱ ወረድን።

እትዬ ካፖርታቸውን ለብሰው ቦርሳቸውን አንግተው ቆመዋል። ሦስታችንን ሲያዩ «ወንድሜን!» አሉ፤ ደሴ አንድ የታመመ ወንድም አላቸው። «ወንድምዎ ደህና ናቸው» አሉ አባ። «ሚስተር ሬይ ናቸው። ትናንት ዐረፉ።»

ፈረንጅ ነው ብለው የሚያቀሉት መስሎን ነበር። ደረታቸውን መቱ። «እኔን! እኔን ያስቀድመኝ! ሳላገኝዎት!» እያሉ ሲጮኹ የላይኛው ፎቅ ተከራይ ደንግጦ ወረደ። አለቀሱ፣ አለቀስን። ከዚያ በድንገት ዞረው እጄን ያዙኝ።

«ጠይቀው ነበር?»

«አዎ። ጠዋት ጠይቆኝ ነበር። ድምፁ አልወጣም እንጂ ‹አገኘችኝ?› ነው ያለው።»

«ምን አልሻቸው?»

«እየፈለጉህ ነው አልኩት።»

«እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ አልዋሸሽም።» ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ምርር ብለው ለቅሶውን ቀጠሉ።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። የሰፈሩ ሀበሻ ወሬው ገርሞትም አዝኖም ምግብ ይዞ መጣ። «ምንዎ ነበሩ?» ሲሏቸው «አሳዳሪዬ ነበሩ» ወይም «ጓደኛዬ ነበሩ» ማለት ይችሉ ነበር። «እኔ እንጃ። ፈልጊኝ ያሉኝ ሰው ናቸው» ነበር መልሳቸው።

አበቃ ብዬ ነበር። በወሩ ቅዳሜ ደወሉልኝ። «ፍሬ፣ ዛሬ ገበያው ነው።»

«እትዬ፣ ሰውየው ሞተ እኮ!»

«ሞቱ እንጂ በቃ አላሉኝም።»

ወሰድኳቸው። ወሰድኳቸው ብቻ ሳይሆን፣ በረዶም ይውረድ ሙቀት፣ ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ወር አመላለስኳቸው። ያገኛሉ ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። እንዲያውም ከሳቸው ብሼ ከጎናቸው ተቀምጬ ሣጥን እገለብጣለሁ። አንድ ቀን «ይገኛል ብለው ያምናሉ ግን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፈልጊ ተባልኩ እንጂ አግኚ መች ተባልኩ» አሉኝ። መልስ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ከዚያ በሽታው መጣ። በሆዳቸው ነበር፤ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ዶክተሩ በአስተርጓሚ «ተስፋ እናደርጋለን» ሲላቸው እትዬ ወደኔ ዞረው «ይሄ ልጅ ይዋሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆነው የመጨረሻ የጠየቁኝ ነገር «ቅዳሜ ገበያው አለ?» ነው። አለ አልኳቸው። «ጄሪ ወንበሩን ይዘረጋል። ንገሪው» አሉ። ያ ቅዳሜ ሳይደርስ ሰናይት ፓርክ አድርጊ አለችኝ።

ቀበርናቸው። ሰናይት ምስኪን ቤዝመንቱን ማከራየት አለባት፤ አልጋቸው ሥር ግን ሣጥን በሣጥን ነው። ደሴ ወንድማቸው ጋ ደውለን «ካርድ ትተዋል» ስንላቸው «የምን ካርድ? የባንክ ነው?» አሉን። ለሊንዳ ደወልኩ፤ አባትሽ ያወቃቸው ሰዎች ለብቻ ተቀምጠዋል፣ ስለ እያንዳንዳቸው ያለውን እኔም ጥቂት ጥቂት አስታውሳለሁ አልኳት። «አንቺ አስቀምጪያቸው፣ የኔ ማር። አባቴ ምንጣፍ ሻጭ ነበር» አለችኝ።

የቀረኝ ጄሪ ነው። ሣጥኖቹን መኪና ላይ ጭኜ በገበያው ቀን ሄድኩ። ጄሪ ሲያየኝ ታጣፊ ወንበሩን ዘረጋና ከኋላዬ ፈለጋቸው። «አረፉ» አልኩት። ቆቡን አወለቀ።

«ካርዶቹን አምጥቻለሁ። በነጻ ውሰድ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ጋራዤ ሞልቷል። እነዚህን የሚፈልግ ሰው የለም። እሷ ብቻ ነበረች» አለ። ቀጥሎም ምንም እንዳልሆነ ነገር «እኔ እኮ የመጀመሪያው ቀን ነግሬያት ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሰውየውን ስምና ቡድኑን ነገረችኝ። ታናሹ ሊግ፣ ከትልልቆቹ ቡድኖች በታች ያለው ነው። በዚያ ዘመን ለነሱ ካርድ አልታተመም። ማንም አላተመላቸውም። እናቱ ያስቀመጠችው የጋዜጣ ቁራጭ ይሆናል፤ ሽማግሌዎች ይህን ያምታቱታል። የለም አልኳት። የጠፋ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም።»

«አልገባቸው ይሆናል። እንግሊዝኛ አይሆንላቸውም።»

«ገብቷታል» አለ ጄሪ። «ደጋግማ አስባለችኝ። ‹ኖ ካርድ? ኔቨር?› አለችኝ። ኔቨር አልኳት። ቆማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ‹ኦኬ፣ ሂ አስክ ኤቭሪ ሞርኒንግ፣ አይ ኖ ላይ። አይ ሉክ› አለች፤ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል፣ አልዋሽም፣ እፈልጋለሁ ማለቷ ነው። ሣጥኑ የት ነው አለችኝ። ወንበር ሰጠኋት።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኝህ ሴትዮ! ያን ሁሉ ወር፣ ያን ሁሉ በረዶ ሾፌር አድርገውኝ፣ እያወቁ! ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ስቀልድባቸው ለካ ላሟ እንደሌለች ከኔ ቀድመው ያውቃሉ። ሰውየው በየጠዋቱ «አገኘሽኝ?» ይላል፤ «የለህም» ብለው አንጀቱን አይቆርጡት፣ «አገኘሁህ» ብለው አይዋሹ። የቀራቸው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ «እየፈለግኩ ነው» እንዲሉት በእውነት መፈለግ። እውነት እንዲሆንላቸው በወገባቸው ጎንበስ ብለው መፈለግ። ሰውየው ከሞተ በኋላም ቃሉ ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ፈለጉት። የሌለ ነገር ፈልገው ሞቱ። ማንም ምንም አላገኘም፤ እሱም፣ እሳቸውም፣ ሊንዳም።

ጄሪ ሣጥኖቹን መልሶ መኪናዬ ላይ በመጫን ረዳኝ። የኋላ ወንበሩ ሞላ። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩና እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ያገኘሁትን አንድ ካርድ አወጣሁ። ጆሮው ትልቅ የሆነ ልጅ ነው፤ ፀሐይ ዓይኑ ገብቶበት አኮርፏል። አውራ ጣቴን ስሙ ላይ አደረግኩ። ማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። እናቱን ይመስላል የሚልልኝ እንኳ የለም።

ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። አዲሱ ተከራይ ሊገባ ነውና ሣጥኖቹ እንዳይመለሱባት ፈርታለች።

«እህስ፣ የሚወስዳቸው ሰው አገኘሽ?»

ሞተሩን አላስነሣሁም። አዳራሹ እየተዘጋ ነው፣ ሻጮቹ ጠረጴዛቸውን እያጣጠፉ ነው። የምሄድበት ቦታ፣ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፤ የማሰብ ፍላጎትም አልነበረኝም።

«እየፈለግኩ ነው» አልኳት።

ዋሸሁ። ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።